ቦርደዴ ወርዶ ፀሐይ የሞቀው ካርድ

ኮምፒውተር እንደ ሰው ቀስ እያለ አያረጅም። አንድ ቀን ጎልማሳ ሆኖ ይዘጋና በማግስቱ ሽማግሌ ሆኖ ይከፈታል። የእኔውም እንዲሁ አደረገኝ። ሲቀሰቅሱት ያቃስታል፤ አንድ ፋይል ሲጠየቅ ስም እንደጠፋበት አዛውንት ረዥም ጊዜ ያስባል፤ ሁለት ሥራ በአንድነት ከተሰጠው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ዝም ይላል። ሽማግሌን ማክበር ተገቢ መሆኑን አምናለሁ። ይሁን እንጂ ሽማግሌን ወንበር ሰጥተን እናስቀምጠዋለን እንጂ ድንጋይ ተሸከም አንለውም። እኔ ግን የከተማችንን የጭሮን ሰርግ ሁሉ በዚያ ኮምፒውተር ጫንቃ ላይ ስጭን ኖሬያለሁ።

ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ነው። ሰርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተዝካር፣ ሁሉም በእኔ ካሜራ ፊት ያልፋል። በጠባዬ ቁም ነገረኛ ነኝ፤ ማንበብ አበዛለሁ፣ መሳቅ አሳንሳለሁ። አንድ ሙሽራ የሰርጉን ቪዲዮ ተመልክቶ ሲጨርስ «ነፍስ ይማር ልል ነበር» ብሎኛል። ይህን እንደ ነቀፋ አልቆጠርኩትም፤ ለሥራዬ ክብደት የተሰጠ ምስክርነት አድርጌ ተቀብዬዋለሁ።

እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ በነበረው የሰርግ ወቅት የጎረቤቴ የወይዘሮ አስካለ ልጅ ሰላማዊት ተዳረች። ወይዘሮ አስካለ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ይህችን አንዲት ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። በሰርጉ ዕለት እኔና ካሜራዬ ስንፈልጋቸው ውለን አላገኘናቸውም። እንግዳው ዳሱ ውስጥ ሲጨፍር፣ ሙሽራዋ ስትገባ፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ እሳቸው ጓዳ ውስጥ ነበሩ። የወጥ ድስት በጎረቤት እጅ ትቶ መውጣት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው፤ ጎረቤትን ስለማያምኑ አይደለም፤ ሰው ልጃቸውን ሊመርቅ መጥቶ ወጥ አነሰው እንዳይባል ነው። በማግስቱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንተ ሰርጉን አይተኸዋል» አሉኝ። «እኔ ያየሁት ሽንኩርት ነው።»

ከዚያ ጉዳያቸውን አስረዱኝ። ሙሽራው ጋምቤላ ተመድቧል፤ ሰላማዊትም አብራው ትሄዳለች። ከመሄዳቸው በፊት አንዲት እሑድ ብቻ ቀርታለች። በዚያች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበልቶ፣ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰርጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያዩ ይፈልጋሉ። ሌላ ጊዜ መላክ እችል እንደሆነ ላነሣ ስል አቋረጡኝ።

«ከሄደች በኋላማ ብቻዬን ሳለቅስ ላየው ነው። ከጎኔ ሆና ልየው።»

ለእሑድ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሩን አላማከርኩትም።

ሥራውን ስጀምር መጀመሪያው መልካም ነበር። ጠዋት ሙሽራዋ ስትለብስ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከራከሩ፣ ሁሉም ተቀናበረ። ሰላማዊት ከመኪናው ልትወርድ አንድ እግሯን ስታወጣ ግን ምስሉ ቀጥ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ እንደገና እግሯን አወጣች፤ እንደገና ቀጥ አለ። ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ አንድ እግሯን ከመኪና አውጥታ፣ አንዱን ውስጥ እንዳደረገች ዋለች። ቃል ስለገባሁ ብቻ ሳይሆን ለእግሯም አዘንኩ።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ግራፊክስ ካርድ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ይህ ካርድ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተሰክቶ የምስሉን ሥራ ሁሉ የሚሸከም፣ በራሱ ማራገቢያ የሚተነፍስ፣ ከጡብ ትንሽ የሚያንስ ዕቃ ነው። የእኔ አሮጌ ነበር። አዲስ ለመምረጥ ያላነበብኩት ጽሑፍ፣ ያልተመለከትኩት ንጽጽር የለም። ስለ ካርዶች ሙቀት ብቻ ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሙቀት የካርድ ጠላት ነው፤ ካርድ በሙቀት ይደክማል፣ በሙቀት ይሞታል። ይህን እውነት አጥብቄ ስለያዝኩት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስተማርኩ። ይህ ትምህርቴ ምን ፍሬ እንዳፈራ ወደፊት እነግራችኋለሁ።

በዚህ ምርጫ ውስጥ ሌላም ፍላጎት ተሸሽጎ እንደነበር ልደብቃችሁ አልችልም። የእግር ኳስ ጌም እወዳለሁ። በአሮጌው ኮምፒውተር የምጫወተው ኳስ ግን ኳስ አልነበረም፤ አጥቂው ኳሷን ሲመታ ምስሉ ይቆማል፣ ሲመለስ በረኛው ኳሷን ይዟል። በመሐል የሆነውን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ካርዶቹን ሳነጻጽር አንድ ዓይኔ በወይዘሮ አስካለ ሰርግ ላይ፣ ሁለተኛው በፍጹም ቅጣት ምት ላይ ነበር።

ካርዱን ድሬዳዋ ካለ ሱቅ በስልክ አዘዝኩ። ወዲያውም አሮጌውን ካርድ ነቅዬ ለአንድ ኢንተርኔት ቤት ሰጠሁ፤ አዲስ እንግዳ የሚመጣበት ቤት መጠረግ አለበት ብዬ ነበር። ይህ ማለት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሬ ምንም የማያሳይ ሣጥን ሆነ ማለት ነው።

ዕቃውን የያዘው ሚኒባስ የሚደርሰው ከጭሮ በፊት እስካለችው እስከ ሂርና ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ደውሎ ለማን ልተውልህ አለኝ። ለጥቂት ጊዜ እንኳ አላመነታሁም፤ ለአዴ ፋጡማ አልኩት። በእኛ በኩል እናት የሆነችን ሴት አዴ ብለን እንጠራለን። አዴ ፋጡማ ሂርና መንገድ ዳር ጫት የሚነግዱ፣ የልጃቸውን ኒካህ ከቀረጽኩላቸው ጊዜ ጀምሮ እንደ ልጅ የሚያዩኝ ሴት ናቸው። ሚኒባስ ሁሉ በእሳቸው ፊት ቆሞ ያልፋል፤ የሰጧቸው ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም። ስልክ ደውዬ የሚመጣውን ዕቃ ክብር ገለጥኩላቸው።

«ምን ላድርግለት?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ያ ሁሉ ንባቤ ተነሣብኝ። ይህ ዕቃ ብዙ እንደሚያስከፍል፣ በቀላሉ እንደሚጎዳ፣ ጠላቱም ሙቀት መሆኑን በዝርዝር አስረዳሁ። ፀሐይ እንዳያገኘው አልኩ። ሙቅ ነገር አጠገብ እንዳይቀመጥ አልኩ። እሳቸውም በጥሞና አዳመጡኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ይሄንን ለኔ ተወው» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ሙቀት የሚጠላ ዕቃ እኔ አውቃለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የያዝኩት እሱን ነው።»

ስልኩን በታላቅ እፎይታ ዘጋሁ።

በማግስቱ ጭሮ መናኸሪያ የተቀበልኩት ጥቅል አረንጓዴ ነበር። ከላይ እርጥብ ማዳበሪያ፣ ከሱ ሥር እርጥብ የሙዝ ቅጠል፣ ከሱም ሥር ሌላ የሙዝ ቅጠል፣ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ። ረዳቱ ሲያቀብለኝ ውሃ በክንዴ ላይ ተንጠባጠበ። አጠገቤ የቆመ ሰው ጥቅሉን በአድናቆት አየና ከየት አካባቢ የመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ድሬዳዋ ስለው፣ ወደ ጭሮ ጫት የሚመጣው ከመቼ ጀምሮ ከድሬዳዋ ሆነ ብሎ ተገረመብኝ።

ቤቴ ገብቼ ቅጠሉን ስገልጥ የፋብሪካው ካርቶን የለም፤ ውሃ ሲነካው የተበተነ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። ካርዱ ራቁቱን ነበር። በማራገቢያው ክንፎች ላይ የውሃ ጠብታ እንደ ጠዋት ጤዛ ተደርድሯል። በሕይወቴ እንደዚያ የለመለመ ግራፊክስ ካርድ አይቼ አላውቅም።

ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ አዴ ፋጡማ ናቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ውሃ እንደረጩት፣ አንዴም ሾፌሩ ሞተሩ አጠገብ ሊያስቀምጠው ሲል ተጣልተው ከወንበር ሥር ጥላ ቦታ እንዳስያዙት ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ሳይጠወልግ ደረሰልህ?»

የምለው ብዙ ነበረኝ። ነገር ግን አስቡት፤ አንዲት ሴት ንግዷን ትታ፣ የማታውቀውን ዕቃ፣ በምታውቀው ከሁሉ የሚበልጥ እንክብካቤ ጠብቃ ላከችልኝ። ሙቀት የሚጠላ ዕቃ በሂርና ያለው አያያዝ አንድ ነው፤ ያንን ነው ያደረጉልኝ። ስሕተት ካለ ስሕተቱ እንዲህ ባለ ሰፊ ንግግር ውስጥ ውሃ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሣሁት የእኔ የአስተማሪው ነው።

«አልጠወለገም፣ አዴ» አልኩ። «ልክ እንደላኩልኝ ነው ያለው።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ እኔም ምስጋናዬን ከልቤ ነገርኳቸው።

እርጥብ ካርድ ኤሌክትሪክ ካልነካው በደንብ ደርቆ ሊድን እንደሚችል አንብቤያለሁ። ችግሩ መድረቁ ነው። የበልግ ዝናብ ገብቶ ጭሮ በጉም ተሸፍናለች፤ ከተራራው የወረደው ደመና አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ልብስ እንኳ ቀናትን ካልቆየ አይደርቅም። ካርዱን መስኮት ላይ አኖርኩት፤ ከመስኮቱ ተጨማሪ እርጥበት ሳበ። እሑድ እየቀረበች ነው። ወይዘሮ አስካለ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ፣ «በመድረቅ ላይ ነው» አልኳቸው። ሰርግ እንዴት እንደሚደርቅ አልገባቸውም፤ ሆኖም እኔን ላለማስጨነቅ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

ያዳነኝ ምክር የመጣው ከኦቦ ጀማል ነው። ኦቦ ጀማል በግቢያችን መጋዘን ተከራይተው ከመቻራ የሚያመጡትን ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑ ነጋዴ ናቸው። ካርዱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ጠርዙን ጫን አሉት።

«ቡና ቢሆን በጥርሴ አውቀው ነበር» አሉ።

እንዳይሞክሩት በፍጥነት ተቀበልኳቸው።

«ውስጡ አልደረቀም» አሉ። «ይሄ እዚህ አይደርቅም፣ ልጄ። ነገ ጭነት ይዤ ስወርድ ቆላው ቦርደዴ ላድርስህ። እዚያ ወሬ ሳትጨርስ ይደርቃል።»

እናም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ዕቃ ጤንነት ስል አየር ልቀይር መንገድ ጀመርኩ። ካርዱን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አኑሬ፣ በቡና ከረጢት የተጫነው አይሱዙ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከጭሮ ቁልቁል ስንወርድ ጃኬቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ኦቦ ጀማል በየጊዜው ወደ ጉልበቴ እየተመለከቱ «እንዴት ነው?» ይሉኛል። መንገድ ላይ ያስቆመን ፖሊስም ፎጣውን ገልጦ አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ። እርጥብ የኮምፒውተር ዕቃ ነው፣ ፀሐይ ልናሞቀው ነው አልነው። ኦቦ ጀማልን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ካርዱን ተመለከተ፤ «እግዚአብሔር ይማረው» ብሎ አሳለፈን።

ቦርደዴ በእውነት ቦርደዴ ናት። ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን በእጁ የያዘኝ መሰለኝ። ኦቦ ጀማል አንዲት የሻይ ቤት ባለቤትን ስለ እኔ በኦሮምኛ አደራ ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሴትየዋ ብዙ አልጠየቀችኝም፤ አልጋ ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ፣ ፀሐዩ በቀጥታ እንዳያቃጥለው ካርዱን ከሻይ ቤቱ ዳስ ጥላ ጠርዝ አስቀመጠችልኝ። ሻይ አዝዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በየተወሰነ ጊዜ ተነሥቼ እገለብጠዋለሁ። ሻይ ሊጠጡ የገቡ ሰዎች ሰላምታ ሲሰጡ ለእኔም ለእሱም የሰጡ ይመስል ነበር።

አንዲት ፍየል ግን ሰላምታዋ የተለየ ነበር። የሙዝ ቅጠሉ ሽታ አልለቀቀውም መሰለኝ፣ ከየት እንደመጣች ሳላያት አፍንጫዋን ማራገቢያው ላይ አኖረች። ብዙ መጻሕፍት ያነበብኩ፣ ድምፄን ከፍ ማድረግ የማልወድ ሰው፣ ቦርደዴ መሐል ፍየልን ስለ ግራፊክስ ካርድ ስማጸን ታየሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት በጨርቅ መታ አድርጋ አባረረቻትና፣ «ዋርያ፣ አንተ ከሷ ጋር ትከራከራለህ እንዴ?» አለችኝ። የሻዩን ሒሳብም አልቀበል አለች፤ በሽተኛ ይዞ ከመጣ ሰው አይወሰድም ብላ።

ካርዱ ደርቆ፣ በአቧራ ደግሞ ተሸፍኖ፣ በሚኒባስ ጭሮ ተመለስን። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። የቀረው መሰካት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ የንባቤ ሁለተኛ ጉድለት ተገለጠ፤ ስለ ካርዱ ፍጥነት፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኃይሉ ሁሉን አውቅ ነበር፤ ርዝመቱን ግን አልለካሁም። ካርዱ ሃርድ ዲስኩ ተቀምጦበት እስከነበረው ቦታ ድረስ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱ ቤቱን መልቀቅ ነበረበት። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ፣ ገመዱ እንደተሰካ፣ ከሣጥኑ ውጭ በመጻሕፍት ክምር ላይ አስቀመጥኩት። ክምሩ ልክ እንዲሆን ሁለት የፍልስፍና፣ አንድ የታሪክ መጽሐፍ አስፈለገ። ዕድሜዬን ያነበብኳቸው መጻሕፍት ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የሚታይ ጥቅም ሰጡኝ። የኮምፒውተሩ ክዳን ግን ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም፤ ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱ ውጭ እንደሆነ ይሠራል።

ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ትንሽ የሙዝ ቅጠል ሽታ ወጣ። ቀጥሎ ማያው በራ።

በዚያች ሰዓት ሰርጉን መክፈት ነበረብኝ። ነገር ግን አንድ ማሽን ለከባድ ሥራ ከመሰለፉ በፊት መፈተን አለበት፤ ይህ በየትኛውም ዘርፍ የታወቀ ነው። ለፈተናው የእግር ኳስ ጌሙን መረጥኩ። ሣሩ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ተጫዋቾቹ ላብ ነበራቸው። አጥቂዬ ኳሷን ይዞ በረኛውን ካለፈ በኋላ መረቡ ሲንቀጠቀጥ፣ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ይሄ ደግሞ የማን ሰርግ ነው?»

ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ በሩ ክፍት ስለነበር ገብተዋል። እኔ ተነሥቼ የፈተናን አስፈላጊነት ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው ማያውን በጥንቃቄ ያዩ ነበር።

«እነዚህን እንዲህ አጥርቶ ካሳየ» አሉ፣ «የኔንም ልጅ ያሳያታል ማለት ነው።» ከዚያ በቁጣ ሳይሆን በልመና፣ «በል እንግዲህ፣ እነሱ ይረፉና እሷ ትግባ» አሉኝ።

ጌሙን ዘጋሁ። ሰላማዊት ሁለተኛ እግሯን ከመኪናው አወጣች። ከዚያ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ዳሱ ውስጥ ገባች፣ ተቀመጠች፤ ምስሉ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም።

ሥራው ያለቀው በዚያችው እሑድ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ነው። የወይዘሮ አስካለ ቴሌቪዥን ፍላሹን አላነብም ስላለ ኮምፒውተሩን ራሱን ማዛወር ግድ ሆነ። ሣጥኑን እኔ፣ ሃርድ ዲስኩን ከነፍልስፍናው ሙሽራው፣ ገመዱን መሐል ላይ ሰላማዊት ይዘን፣ እኩል እየተራመድን በግቢው አለፍን። ኦቦ ጀማል ከመንገዳቸው ተመልሰው ነበርና «በደንብ ደርቋል?» እያሉ ተከተሉን። ቤቱ ሞልቷል። እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን፣ እንደተመኙት።

ግን እናት ተረጋግተው አልተቀመጡም። ገና ሙሽራዋ ስትለብስ እያየን ሳለ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ጓዳ ገቡ፤ አንዴ ወጡን ሊያማስሉ፣ አንዴ እኔ የማልበላውን ነገር ሊጨምሩልኝ። ሲመለሱ ያመለጣቸውን እመልስላቸዋለሁ፤ ወዲያው ይነሣሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ሰላማዊት ዳሱ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም ሰው ወደ ካሜራው ሲያይ እሷ አንገቷን ወደ ጎን መልሳ ሌላ ቦታ ታያለች። በሙያዬ እንዲህ ያለ ምስል ይቆረጣል። ጊዜ ስላጠረኝ ትቼው ነበር።

«እዚህ ጋ አቁመው» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

አቆምኩት። ወደ ማያው ጠጋ ብለው ቆሙ።

«ምን እያየሽ ነው፣ ሰሊ?»

«የጓዳውን በር ነዋ» አለች ልጅቷ። «ብቅ ብትይ ብዬ።»

ወይዘሮ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። «ወጥቼ ነበርኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ጨው አንሶ በጓሮ በር ነው የወጣሁት።»

ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ወጡ እንዳያርባቸው ብለው እንደገና ወደ ጓዳ ዞሩ። ሰላማዊት ግን ክንዳቸውን ያዘች። ሙሽራው ምንም ሳይባል ተነሣ፤ ኦቦ ጀማልም እጅጌያቸውን ሰብስበው ተከተሉት። ሁለቱ ወንዶች ጓዳ ገብተው ማማሰያውን የት እንደሚያገኙት ሲጠያየቁ ይሰማን ነበር።

እኔም ምስሉን ወደ ኋላ መልሼ፣ ሰላማዊት ከመኪናው ከምትወርድበት አስነሣሁት፤ ወይዘሮ አስካለም በልጃቸው ሰርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።